ስልኩን ይዛ ባሕር የገባችው

በወደብ ከተማዋ፣ ቡላኦስ ሰፈር ባለ አንድ የጭነት አስተላላፊ ቢሮ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ዓርብ ዕረፍቴ ነው፤ ሥራው ግን ዓርብ አያውቅም። ዋና እወዳለሁ። ከልጄ ከሊያ ጋር ሄሮን ባሕር ዳርቻ ስንዋኝ፣ ባለቤቴ ስንዱ አሸዋው ላይ ተቀምጣ ስልኬን ትይዝልኛለች። ደጋ ያደገች ናት፤ ባሕሩን በእግሯ እንኳ ነክታው አታውቅም። እኔም ውኃ ውስጥ ሆኜ፣ ስልኩ ጠራ አልጠራ እያልኩ ዓይኔ ከእሷ አይነቀልም።

አንድ ዓርብ ከጠለቅኩበት ቀና ስል ስንዱ አሸዋው ላይ የለችም። ከነቀሚሷ እስከ ደረቷ ውኃ ውስጥ ገብታ፣ ስልኩን ከአናቷ በላይ ከፍ አድርጋ ወደ እኛ ትመጣለች።

"አለቃህ ነው! ሲስተሙ ቆሟል አለ!"

"ተመለሺ!" ብዬ ጮህኩ። ከኋላዬ የመጣው ማዕበል ቀድሞኝ ደረሰና ዋጣት። እንዴት እንደዋኘሁ አላውቅም። ክንዷን ይዤ ሳወጣት እያሳላት እጇን አየች፤ ባዶ ነው።

"ስልክህን አሰጠምኩት። ከሥራ ያባርሩህ ይሆን?"

"አንቺ ሰጥመሽ ቢሆንስ?" አልኳት።

ሊያ ደርሳ የእናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። "እማዬ፣ ባሕር ገባሽ እኮ!" ስትላት ሦስታችንም ሳቅን። ልቤ ግን ቢሮ ሄዷል። ከውኃው ልወጣ ስል ስንዱ እጄን አልለቅ አለች።

"ከገባሁ አይቀር መንሳፈፍ አሳዩኝ።"

ጀርባዋን ደግፌ ውኃው ላይ አስተኛኋት። ዓይኗን ጨፍና፣ "እንዳትለቀኝ" አለች።

ቢሮ ስደርስ አለቃዬ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። "እስካሁን የት ነበርክ?" ብሎ ጮኸብኝ።

"ሚስቴን ዋና ሳስተምር" አልኩት።