የሰርጉ ቀን ፊት

ከዓባይ ማዶ በታክሲ ስመለስ የሐይቁን ነፋስ ፈርቼ በነጠላዬ እስከ ዓይኔ ተሸፋፍኛለሁ። ከፊቴ አንዲት ሴት አሮጌ ላፕቶፕ ታቅፋለች። አጠገቧ የተቀመጠው ወጣት ጠየቃት።

«እንደ አራስ ልጅ ያቀፍሽው ምን ሆኖ ነው እህቴ?»

«ይነሳል፣ ድምፅም አለው። ስክሪኑ ነው የጨለመው።»

«ቴሌቪዥን ላይ ሰክተሽ ሞከርሽ?»

«ሞከርሁ፤ እሱም ጨለማ ነው።»

«እንግዲያ ምስል የሚያወጣው ክፍል፣ ግራፊክሱ ነው የተበላሸው። ሌላ መግዛት ይሻልሻል።»

«የሰርጌን ቪዲዮ እያየሁ ነው የጠፋው። እናቴ ስትስቅ እየሰማሁ ፊቷን አጣሁት።»

«ፎቶዋ የለሽም?»

«ነፍሷን ይማርና፣ ካሜራ ስታይ በነጠላ ትሸፈን ነበር። ያን ቀን ብቻ መሸፈኑን ረሳችው።»

«ሳቋ ከተሰማ ምስሏም አለ። ጥገና ቤት ቪዲዮው የተቀመጠበትን ሃርድ ዲስክ አውጥተው ሌላ ላፕቶፕ ላይ ይክፈቱልሽ።»

«እውነትህን ነው? የጥርሷን ፍንጭት እንኳ እየረሳሁት ነበር።»

እኔም ነጠላዬን ከፊቴ ላይ ቀስ ብዬ አወረድሁት።