ከውጭ የተቆለፈ

(ደሴ፤ ጠበቆቹ ባልና ሚስት ልዑልሰገድና ይፍቱሥራ ቤት፤ ጠዋት። ይፍቱሥራ ቦርሳዋን አንግባ የግቢውን በር ቁልፍ ትፈልጋለች።)

ይፍቱሥራ፦ ልዑል፣ የግቢው ቁልፍ ምስማሩ ላይ የለም። ዐቃቤ ሕግ ቢሮ እየጠበቁኝ ነው።

ልዑልሰገድ፦ «እየጠበቁኝ» ምን አመጣው? የሚጠብቅሽ ኅሩይ ብቻ ነው። ከረባቱንም ሳይቀይር አይቀርም።

ይፍቱሥራ፦ ጀመረህ ደግሞ!

ልዑልሰገድ፦ እኔ የማወራው ስለ ሕጉ ነው። የደንበኛችን የእናኑ ጉዳይ የሥራ ክርክር ነው። ልጅቷ ዳቦ ጋገረች፣ ባለ ዳቦ ቤቱ ደመወዟን ከለከላት። ሥራ ክርክር ችሎት እናቀርበዋለን፤ አለቀ።

ይፍቱሥራ፦ መታወቂያዋን ወስዶ፣ ከውጭ እየቆለፈባት? ሰው ተቆልፎበት የሚሠራው በየትኛው የሥራ ውል ነው? ወንጀል ነው እንጂ!

ልዑልሰገድ፦ ወንጀል ካልነው ከእጃችን ይወጣል። ዐቃቤ ሕጉ ይይዘዋል። ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ ማን እንደሆነ እናውቃለን።

ይፍቱሥራ፦ ሰውየው ቢታሰር አንተን ምን ቸገረህ?

ልዑልሰገድ፦ እሱማ ይታሰር! እናኑ ግን ምን ትበላለች? ምስክር ሆና በየቀጠሮው ስትመላለስ ማን ያኖራታል? እኔ ደመወዟን አስከፍዬ እናቷ ዘንድ እሰዳታለሁ።

ይፍቱሥራ፦ እሱስ እውነትህን ነው። ግን ከፍሎ ከተገላገለ ነገ ሌላዋ ላይ ይቆልፋል። ሁለቱንም እናድርግ፤ ደመወዙን አንተ ያዝ፣ ወንጀሉን ኅሩይ ይያዝ።

ልዑልሰገድ፦ ከኅሩይ ጋር የምካፈለው ነገር የለም!

ይፍቱሥራ፦ ይኸው፣ ወጣ።

ልዑልሰገድ፦ አዎ ወጣ! ቀንቻለሁ! ትናንት በስልክ ስታወሩ ሳቅሽን ከጓዳ ሰምቻለሁ። እኔ ስቀልድልሽ ፈገግ ብለሽ ነው የምታልፊው። ለመሆኑ የክስ ወሬ ምኑ ያስቃል?

ይፍቱሥራ፦ ዳኛው ፊት አስነጥሶት ወረቀቱ ሁሉ እንደተበተነበት ሲነግረኝ ነዋ!

ልዑልሰገድ፦ ማስነጠሱም ማረከሽ! ሽማግሌ የላከብሽ ሰው እኮ ነው።

ይፍቱሥራ፦ ላከ፣ እምቢ አልኩ፣ አንተን አገባሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግልህ?

ልዑልሰገድ፦ ዛሬ አትሂጂ።

ይፍቱሥራ፦ ልዑል... ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ነው?

ልዑልሰገድ፦ ተነጋግረን እስክንጨርስ ብዬ ነው። ለክፋት አይደለም። ባልሽ ነኝ እኮ!

ይፍቱሥራ፦ ባለ ዳቦ ቤቱም «እንደ አባቷ ነኝ፣ የቆለፍኩት ለራሷ ብዬ ነው» ብሏል።

ልዑልሰገድ፦ እኔን ከሱ ጋር? እኔ እኮ ዛሬ ጠዋት ብቻ ነው የቆለፍኩት!

ይፍቱሥራ፦ እሱም የጀመረው በአንድ ማታ ነው። እስቲ ጠበቃው ንገረኝ፣ ይሄንን በየትኛው ችሎት ላቅርበው?

ልዑልሰገድ፦ እንኪ ቁልፉን፣ ውሰጂው። አፍሬያለሁ።

ይፍቱሥራ፦ በል ደህና ዋል።

ልዑልሰገድ፦ ይፍቱ... ትመለሻለሽ አይደል?

ይፍቱሥራ፦ ፖሊስ የዳቦ ቤቱን በር ያስከፈተ ቀን፣ ሰውየው እናኑን መጀመሪያ የጠየቃት ይሄንኑ ነው።