ሻጋታ ሰው ይበላል?

አቶ ጋሹ መቀመጥ አቅቷቸው ነበር። አሜሪካ፣ ሌክ ሃይላንድስ በሚባል ሰፈር ባለው አፓርታማቸው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ከወንበሩ ይነሣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ እንደገና ተነሥተው በመስኮት ወደ መኪና ማቆሚያው ያያሉ። የሚጠብቁት ልብሱ እስኪደርቅ አልነበረም። የሥራ ባልደረባቸው ጫላ አገር ቤት ሳለ ቁስል የሚያክም ድሬሰር ነበር፤ በዚህች ቅዳሜ ጠዋት ከሮውሌት ከተማ መጥቶ፣ በቀኝ እጃቸው ጀርባ ላይ የወጣውን እባጭ በምላጭ ሊከፍትላቸው ቃል ገብቷል።

በዚህ መሃል ሩሐማ የልብስ ቅርጫቷን ታቅፋ ገባች። በቤተ ክርስቲያን የሚያውቋት፣ በዘጠኝ ዓመቷ አሜሪካ የመጣች፣ አሁን በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ የምትሠራ ወጣት ናት። ለሰላምታ እጇን ስትዘረጋ ግራቸውን ሰጧት።

"ጋሼ፣ ቀኝ እጅዎ ምን ሆነ?"

"ምንም አይደል ልጄ፣ ብጉንጅ ነው። ሌዊስቪል የምሠራበት መጋዘን ውስጥ የዕቃ መጫኛውን የእንጨት ፓሌት ሳነሣ ስንጥር ወጋኝ።"

"መቼ?"

"ሦስት ወር ቢሆነው ነው።"

"ብጉንጅ እኮ ሦስት ወር አይቆይም፤ ወይ ይፈነዳል ወይ ይጠፋል። ጓንት አላደረጉም ነበር?"

"ጓንት ሥራ ያዘገያል። ደግሞም ጥቁር አዝሙድ ቀብቼዋለሁ፣ ፌጦም ለጥፌበታለሁ።"

"ተሻለዎት?"

አቶ ጋሹ እጃቸውን ያሰሩበትን ጨርቅ ፈትተው አሳዩአት። እባጩ የሽምብራ ፍሬ ያክላል፤ ዙሪያው ጠቁሯል። ሩሐማ ጎንበስ ብላ አየችው እንጂ አልነካችውም።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ኩላሊት ሲተካልዎ ቤተ ክርስቲያን ስንጸልይ አስታውሳለሁ።"

"አዎ። እህቴ ተዋበች ናት የሰጠችኝ። አምስት ዓመት ሆነው።"

"ታዲያ በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት፣ ሰውነትዎ ኩላሊቱን እንዳይጠላው ብሎ መከላከያዎን ያዳክመዋል። ጋሼ፣ እንጨት ላይ፣ አፈር ላይ፣ የበሰበሰ ቅጠል ላይ የሚኖር ጥቁር ሻጋታ አለ። ጤነኛ ሰው ቢወጋው አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ያሸንፈዋል። ዘበኛው የደከመበት ቤት ግን ገብቶ ይቀመጣል።"

አቶ ጋሹ ሳቁ። "ሻጋታ የሚበላው እንጀራ ነው፤ ሰው ይበላል እንዴ?"

"እኔም ላቦራቶሪ እስክገባ አላውቅም ነበር። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት እንደ ቡናማ ክር ነው። ጥቁረቱም ለራሱ ጋሻው ነው። የእርስዎ ያ ነው አልልም፤ ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ናሙና መወሰድ ያለበት።"

"ጫላ ይቆርጠዋል፣ አለቀ!"

"ጫላ የሚቆርጠው የሚታየውን ነው። ከሥር የቀረውስ? ሲብስ ወደ ሳንባ፣ ወደ አንጎልም የሚሄድበት ጊዜ አለ።"

ሰው የማያሳምመውን ጠላት አይፈራም፤ እባጩም አቶ ጋሹን አያማቸውም ነበር። የፈሩት ሌላ ነው። ሲንጎራደዱ ቆይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አወጡት።

"ሐኪም ዘንድ ብሄድ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። 'መጋዘን አትሥራ' ይሉኛል። ወይ መድኃኒቱን ይነካኩና የተዋበች ኩላሊት ይበላሻል። ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ?"

"የሻጋታውና የኩላሊቱ መድኃኒት ሊጋጩ ይችላሉ፤ እውነትዎን ነው። ለዚህ እኮ ነው ሐኪሞቹ ደምዎን እየለኩ መጠኑን የሚያስተካክሉት። ተደብቀው ከሚያጡት፣ ተናግረው ቢያተርፉት አይሻልም?"

አቶ ጋሹ ተቆጡ። "እኔ ተደብቄ አላውቅም!" አሉ። ወዲያው በሩ ተከፈተና ጫላ ትንሽ ቦርሳውን ይዞ ገባ። ከበሩ ውጭ ሆኖ ንግግሩን ሰምቶ ነበርና ቆሞ ቀረ።

"ምን ኩላሊት?"

አቶ ጋሹ ወለሉን አዩ። ሩሐማም መልሱን ለእሳቸው ትታ ወደ ልብስ ቅርጫቷ ዞረች፤ ምስጢሩ የእሳቸው ነበርና።

"ተተክቶልኛል" አሉ በመጨረሻ።

"ጋሹ! ይህን ሳትነግረኝ ምላጭ ልታስይዘኝ ነበር? ብትመረዝብኝስ? እኔ በዚህ እጅ ላይ ምላጭ አላሳርፍም!" ጫላ ቦርሳውን ወደ ጀርባው አዞረ። "ዛሬውኑ ለሐኪሞችህ ኮል አድርግ።"

አቶ ጋሹ ሁለቱንም እያፈራረቁ አዩ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ለሩሐማ ሰጧት። "እንግሊዝኛው ያምታታኛል" አሉ።

"አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው። እኔ አጠገብዎ እቆማለሁ" አለችና ወደ ኩላሊት ክሊኒኩ ተረኛ ነርስ ደወለች።

ሰኞ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱን ሲጠብቁ አቶ ጋሹ እንቅልፍ አልነበራቸውም፤ በቀን አሥር ጊዜ ስልካቸውን ያዩ ነበር። ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ፣ በእርግጥም ጥቁር ሻጋታ መሆኑ ታወቀ። ከእጃቸው አልፎ አልተገኘም። ሐኪሙ እባጩን ከነሥሩ አወጣው፤ የስድስት ወር ክኒን አዘዘ፤ የኩላሊቱን መድኃኒት መጠን ቀነሰ፤ ደማቸውም በየሳምንቱ ይታይ ጀመር። ሥራ አልተከለከሉም፤ ወፍራም ጓንት እንዲያደርጉ የሚያዝዝ ደብዳቤ ይዘው ተመለሱ። የተዋበች ኩላሊትም በሥራው ላይ ነው።

ክኒኑ ባለቀ እሑድ አቶ ጋሹ በቤተ ክርስቲያን ለምስክርነት ተነሡ። "ጌታ ይመስገን፤ ሐኪምንም የሰጠን እሱ ነው" አሉ። "ወገኖቼ፣ እንጨትና አፈር ስትነኩ ጓንት አድርጉ። ከወጋችሁ በሳሙና ታጠቡ። ስኳር ያለበት፣ ካንሰር የሚታከም፣ እንደ እኔ አካል የተተካለት፣ በሁለት ሳምንት የማይድን ቁስል ካየ ቤቱ አይቁረጥ፣ አያፍርጥ። የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ይንገር። በጊዜ የተያዘ በትንሽ ጠባሳ ያልፋል፤ የተደበቀ ግን እጅንም ሕይወትንም ይወስዳል።"

ከአምልኮው በኋላ አንዱ ጣቱን፣ አንዱ ጉልበቱን ሊያሳያቸው ከበባቸው። "እኔን አታሳዩኝ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም!" እያሉ አመለጡ። አንዲት ሴት ግን ከኋላ ቀርታ ነበር፤ ሆቴል የምታጸዳው፣ ስኳር ያለባት ሰብለወርቅ። እግሯ ላይ የማይድን ቁስል እንዳለባት፣ ብቻዋን መሄድ እንደምትፈራ በሹክሹክታ ነገረቻቸው።

በማግስቱ አቶ ጋሹ ከሥራ ፈቃድ ወስደው በመኪናቸው ክሊኒክ አደረሷት። እንግዳ ተቀባይዋ፣ "ምኗ ነዎት?" ስትላቸው አላመነቱም።

"ወንድሟ ነኝ" አሉና ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።