ውሃ የከበበው ማንጎ

እኔ ደገኛ ሰፋሪ ነኝ፤ ትምህርት ቤት ሳልገባ ፊደል የለየሁ፣ በርታኛንም ያለ አስተማሪ ከአሶሳ ገበያ የለቀምኩ። ስለዚህ ከሸርቆሌ በተነሳው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት እህትና ወንድም በቋንቋቸው ሲከራከሩ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም።

«ቀስ በይ፣ ሽማግሌው ይሰማናል» አለ ወንድምየው።

«ሰፋሪ ነው፤ ምን ይገባዋል? ይልቅ መልስልኝ። ለዒድ እናታችንን ወደ ደሴቱ እንወስዳታለን ወይስ አንወስዳትም?»

«ድሮ ኮረብታ ነበር፣ በእግሯ ትወጣው ነበር። አሁን የግድቡ ውሃ ከብቦታል።»

«ማንጎዎቿ ግን አልሰጠሙም። ልጅ በወለደች ቁጥር የተከለቻቸው ናቸው። ያንተም አለ።»

«ከገበያ ማንጎ ገዝቼላት የለም እንዴ?»

«አልቀመሰችውም። የማላውቀው ዛፍ ፍሬ ነው አለች።»

«ጀልባው ቢገለበጥስ? ዋና አታውቅም።»

«አንተስ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው የፈራኸው ለራስህ ነው! ዓሣ አጥማጁን አነጋግሬዋለሁ። እስከ ጀልባው በጀርባዬ አዝላታለሁ። ወላሂ፣ አንተ ብትቀርም እንሄዳለን።»



«ወገብሽ ይቆረጣል። እኔ አዝላታለሁ።»

ያለ መምህር ያነበብኩ፣ ቤቴን በገዛ እጄ የሠራሁ፣ ሬዲዮ ፈትቼ የገጠምኩ፣ የሰው ቋንቋ የለመድኩ እኔ፣ ወሎ የቀረው የእናቴ ደጅ ምን ዛፍ እንደነበረበት ለማስታወስ ስታገል አሶሳ ደረስን።