የማርሊስ መሸኛ ምሳ

«ዓሣው ዛሬ ጥሩ ተጠብሷል፣ አይደል ኮሪን? ዳቦውንም ቅመሺው እንጂ፤ ከጎመን ሰላጣው ጋር ነው የሚበላው። ዓርብ ቀን ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለሽ ዓሣ ካልበላሽ፣ ማዲሰን መጣሁ እንዳትዪ...»

ዌንደል ኦስትቢ ይህን ሲል ፊቱ ፈገግታ ብቻ ነበር። ኮሪን ሰኞ ዕለት የምርምር ክፍሉ ጸሐፊ ሆና የገባች ሴት ናት፤ ስለ ማንም የምታውቀው ነገር የለም። አጠገቧ መቀመጡም ለዚሁ ነው። ከጠረጴዛው ማዶ፣ የሚናገሩት ሁሉ በሚሰማበት ርቀት፣ ማርሊስ ቲዴማን ተቀምጣለች። ምሳው የእሷ መሸኛ ነው።

ዌንደልና ማርሊስ ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ቤተ ሙከራ የልብ ጡንቻ አጥንተዋል። ጥር ላይ፣ በረዶ የሠራውን ሐይቅ ሰርስረው ዓሣ ሲያጠምዱ፣ ምስጢሩን ያዋያት እሱ ነው። በሙያቸው የቆዩ ሳይንቲስቶች ሥራቸውን ለአንድ ዓመት ትተው የግንደ ሕዋስ ምርምር እንዲማሩ የሚሰጥ ድጋፍ አለ፤ ክፍሉ የሚያቀርበው አንድ ሰው ብቻ ነው። «ልሞክረው ነው» አላት። «ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ይህን ካልተማርኩ የሠራሁት ሁሉ አብሮኝ መቀበሩ ነው።»

መጋቢት ላይ ዳሌውን ሊቀየር ሆስፒታል ገባ። ማርሊስ ደወለችለትና «ለአንድ ሽልማት ነው፣ የምስክርነት ደብዳቤ ጻፍልኝ» አለችው። ተኝቶ ጻፈላት። በከዘራ እየተደገፈ ሥራ ሲመለስ፣ ክፍሉ ያቀረበው ማርሊስን እንደሆነ፣ ድጋፉም በዚያው በጻፈላት ደብዳቤ ለእሷ እንደተፈቀደ ሰማ። እሱ አልጠየቃትም። እሷም አልነገረችውም።

«አዲስ ሰው ስለሆንሽ ልንገርሽ ብዬ ነው» አለ ኮሪንን፣ ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጎ። «እዚህ ቤት ደግ ሰው ሞልቷል። አንድ ሰው አውቃለሁ... ስማቸው ምን ያደርግልሻል? እንዴት ያለ ጆሮ አላቸው መሰለሽ! የነገርሻቸው አንድ ቃል መሬት አይወድቅም። እንዲያውም... አንቺ ልሠራው ብለሽ ያሰብሽውን ቀድመው ሠርተው ይጠብቁሻል። ከድካም ነው የሚያሳርፉሽ! እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?»

ማርሊስ ዓሣዋ ላይ ጨው ነሰነሰች። ቀድሞም ነስንሳበት ነበር።

«እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ... አይ፣ ዳሌዬን ነበር፣ አሁንማ ደህና ነኝ... ሰው ሁሉ አበባ ሲልክ እሳቸው ምን አሰቡልኝ መሰለሽ? ሥራ እንዳልፈታ! ደብዳቤ ጻፍልኝ አሉኝ። ታምሜያለሁ ብሎ ጣሪያ ማየት ምን ይረባል? መድኃኒቱ ራሴን እያዞረኝ ጻፍኩላቸው። ‹ታማኝ› የሚለውን ቃል ብቻ ሦስት ጊዜ ጽፌዋለሁ። የመድኃኒቱን ኃይለኛነት ታዪልኛለሽ?»

ከጠረጴዛው ጫፍ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው፤ ማርሊስን አየና በቢራው ዋጠው።

«ለመሆኑ ግንደ ሕዋስ ምን እንደሆነ ነግረውሻል? ቀላል ነው፣ አትፍሪው። ምን እንደሚሆን ገና ያልለየለት ሕዋስ ነው። እንዳያያዙት ነው፤ ሲሻው ልብ ይሆናል፣ ሲሻው ቆዳ... ታዲያ ይህን ለመማር ሰው ተመረጠ ሲባል እኔ ለምን ይከፋኛል? ትክክለኛው ሰው ነው የተመረጠው! እኔማ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ዓይነት ሆኜ የቀረሁ ሰው ነኝ፤ ማን ያስተምረኛል? እሳቸው ግን... ግማሹን ትምህርት እዚሁ ጨርሰው ነው የሚሄዱት።»

ማርሊስ ሹካዋን አስቀመጠች። ቀና ብላ አየችው፤ የአንገቷ ሥር ቀልቷል። ዌንደል በልቡ «አሁንስ ትናገራለች» አለ። ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ የጠበቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «በድዬሃለሁ» ብትለው፣ እዚያው ከዘራውን ጥሎ ሻንጣዋን ሊሸከምላት ይችል ነበር። እሷ ግን ዞር ብላ ስለ ሳንዲያጎ ሙቀት የክፍሉን ኃላፊ ጠየቀችው። የምትማረው እዚያ ነው።

ያን ጊዜ ዌንደል ውስጥ የነበረችው ትንሽ ተስፋ ጠፋች። ኃላፊው፣ ጭንቀቱን ለመሸፈን ይመስላል፣ ከሁሉም የቆየው ባልደረባ ሁለት ቃል ይበል ብሎ ብርጭቆውን በማንኪያ አንኳኳ። ዌንደል በከዘራው ተደግፎ ተነሣ። ሁለቱ ከዚያች ዓርብ ወዲያ በዓመቱም፣ ከዓመቱም በኋላ፣ ቃል አልተለዋወጡም፤ ማርሊስ ከእሱ አፍ የሰማችው የመጨረሻው ይህ ነው። ያኔም እንኳ ዓይኑ ኮሪን ላይ ነበር።

«እኔ ንግግር አላውቅም፣ ኮሪን። ለመንገደኛ ያለኝ ምርቃት ነው። ቅያሜ? የምን ቅያሜ አመጣሽብኝ! ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያቸው እንጀራ የበላሁ ሰው... እንግዲህ አምላክ መንገዳቸውን ያቅናላቸው። እጃቸው የነካው ሁሉ ይለምልም። የሰው አገር ነውና ብቻቸውን አይተዋቸው፤ ጠዋት ሲገቡ ፈገግ ብሎ የሚቀበላቸው፣ የልባቸውን የሚያጫውቱት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያምኑት አንድ የሥራ ባልደረባ አያሳጣቸው። ብቻ... ሌላ ዓይነት ሰው እንዳይሆንባቸው። ልክ እሳቸውን የመሰለ ይስጣቸው።»