የብዙነህ አፍ ያስከፈተው መንገድ

ክቡራትና ክቡራን፣ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ፍቅረሥላሴ፣ የመጋዘን፣ የሽያጭና የመኪና ባልደረቦቼ፤ ሥራ አቁማችሁ፣ ከጎረቤት ወንበር ለምናችሁ፣ ይህን መጋዘን ስለ እኔ ስላጸዳችሁ አመሰግናለሁ። ትጊ፣ ጠረጴዛውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነሽልኛል፤ እጅሽ ይባረክ።

ቅድም ልነሳ ስል ሾፌራችን ብዙነህ ጆሮዬ ላይ አንድ ነገር ሲለኝ አይታችኋል። አጨበጨባችሁ። እኔም አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጣሁ። ምን እንዳለኝ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

አሁን ግን ከዚህ ነጭ ጨርቅ ሥር እጄን ሰደድኩና ምን አገኘሁ? የታኘከ ማስቲካ። ያውም ሁለት። አንዱ ደርቋል፤ ሌላው ገና እርጥብ ነው። አትሳቁ፤ የእርጥቡ ባለቤት እዚሁ መካከላችን ተቀምጧል። ሃያ ሁለት ዓመት ማስቲካ ሸጬ ዛሬም የሰው ምራቅ ጣቴ ላይ ሲጣበቅ ይዘገንነኛል።

የስንብት ንግግር መጣፈጥ አለበት ይባላል። እኔ የሸጥኩት ስኳር የሌለው ነው፤ ከእኔ ጣፋጭ አትጠብቁ።

ለአዲሶቹ የቤታችንን ልማድ ልንገራችሁ። ሱቅ ስንገባ፣ ስለ ሽያጭ ከማውራታችን በፊት፣ አንድ ማስቲካ ልጠን ለባለሱቁ በእጁ እንሰጣለን። «ይቅመሱት» እንላለን። ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም እንደዚያው ነው። ልማዱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ውሎ አድሮ እርስ በርሳችንም ለመድነው። ጠዋት ስንገናኝ ማስቲካ፣ ከምሳ በኋላ ማስቲካ። እዚህ ቤት አንዱ ለሌላው ማስቲካ ቢሰጥ «ለምን ሰጠኸኝ?» የሚል የለም። የእኛ ጥፋት የተደበቀው እዚህ ውስጥ ነው።

የዕለት ማስታወሻ እንደምይዝ ታውቃላችሁ። «ጋሼ አብዱረዛቅ ስማችንን ይጽፋል» እያላችሁ ስትፈሩኝ ኖራችኋል። እውነት ነው፤ እጽፋለሁ። ዛሬ ጥቂት ላነብላችሁ ነው። ብዙነህ ፈቅዶልኛል።

«ጥቅምት 11 ቀን 2007፣ ሱሉልታ። የብዙነህ አፍ ይሸታል። መስኮት ከፈትኩ። ብርድ ገባ።»

«ኅዳር 2፣ ፉሪ። ሽታው ብሷል። ሁለት ማስቲካ ሰጠሁት።»

«የካቲት 19፣ ሰበታ። በግራ በኩል ብቻ ያኝካል። ጠረኑ እንደ ከረመ ሥጋ ነው። ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ።»

«ሰኔ 6። ብዙነህ ቢሮ ሲገባ ትጊ መሐረብ ትይዛለች። ለሁሉም ነገርኳቸው፤ ናናውን፣ ጠንካራውን ስጡት።»

ሰማችሁ? በአንድ ጎን ብቻ እንደሚያኝክ አይቻለሁ። በእጄ ጽፌዋለሁ። የሱቅ መደርደሪያ ላይ አንዲት ካርቶን ስትጎድል የማያልፈው ዓይኔ ይህንንም አላለፈውም። «ብዙነህ፣ አፍህ ይሸታል፤ ሐኪም ዘንድ ሂድ» ማለት ግን አቃተኝ። ለምን? ይሉኝታ። ሰው እንዴት እንዲህ ይባላል? ነውር አይደለም? እናም ነውሩን ፈርተን በመግል ላይ ናና ስንነሰንስ ከረምን። ዛሬ ሳነበው ከሽታው ይልቅ የራሴ ጽሑፍ ያቅለሸልሸኛል።

ከዚያ ያ የ2008 ታኅሣሥ መጣ። በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ጊዜ መንገዱ እንዴት እንደነበር ለእናንተ አልነግርም። ዛሬ ሰበታ ይዘጋል፣ ነገ ሱሉልታ። እኔና ብዙነህ አንድ ማክሰኞ ቡራዩ ደርሰን ገና ሦስተኛው ሱቅ ላይ ሳለን መንገዱ ከፊትም ከኋላም ተዘጋ። ድንጋይ፣ ግንድ፣ የሚነድ ጎማ። ሱቁ ሁሉ ግጥም አለ። ደንበኛችን አዴ ገለቴ ብቻ የጓሮ በሯን ከፍታ «ኮቱ፣ ኦቦ አብዱረዛቅ፣ ኮቱ! ቶሎ ግቡ!» አለችን። አይሱዙውን ግቢዋ ውስጥ አቆምን።

ከሱቋ ኋላ ያለችው የዕቃ ክፍል ውስጥ ሰባት ሰው ሆንን። የጎማው ጭስ ስላለ መስኮት አይከፈትም። የሰው ትንፋሽ ምን እንደሆነ ያወቅኩት በዘይት ጀሪካንና በሳሙና ካርቶን መካከል ተቀምጬ ነው። ሰው ሲርበው አፉ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይሸታል። ሲፈራም እንደዚያው። የአንዱ ሲጋራ፣ የአንዱ ሽንኩርት፣ የአንዱ ጫት፤ ከሁሉም በላይ ግን የብዙነህ። ከጥግ ተነስቶ ይመጣና ጉሮሮ ውስጥ ይቀመጣል። የምውጠው ምራቅ ሳይቀር የእሱን አፍ ጣዕም ያዘ።

እኔ ምን አደረግኩ? ማስቲካ አደልኩ። ለሰው ሁሉ አንድ አንድ፣ ለብዙነህ ሦስት።

አዴ ገለቴ አየችኝ። «ለእሱ ለምን ሦስት?»

«ይወዳል» አልኳት።

ሲነጋ ብዙነህ ምራቁን መዋጥ አቅቶት በፎጣ ይጠርግ ነበር። ከአገጩ ሥር አንገቱ አብጦ እንደ እንጨት ጠጥሯል። ሲተነፍስ ያፏጫል። የሰጠሁት ማስቲካ አሁንም አፉ ውስጥ ነው። ማኘክ አልቻለም፤ ሰው ፊት ለመትፋት ደግሞ አፍሯል።

አዴ ገለቴ አጠገቡ ተንበረከከችና «አፍህን ክፈት» አለችው። በመከራ ጥቂት ተከፈተ። አሸተተችና ፊቷን አዞረች።

«ያ ዋቅ! ይሄ ሰውዬ የሞተ ነገር ይዞ ነው እንዴ የሚዞረው? ስንት ጊዜ ሆነው?»

«አሥራ አራት ወር» አልኩ እኔ።

«አሥራ አራት ወር! ነገራችሁት?»

«ማስቲካ ሰጠነው።»

አዴ ገለቴ ከጆንያ ውስጥ የበሰበሰ ድንች ስታወጣ ፊቷ ምን እንደሚመስል አይቼ አውቃለሁ። እኔን ያየችኝ በዚያ ፊት ነው።

ለዓመታት ያልነካሁትን መሪ ያዝኩ። እሷ የብዙነህን አንገት በጨርቅ ጠቅልላ፣ ደግፋ መሐል ላይ አስቀመጠችውና በሩ በኩል ተቀመጠች። የአይሱዙአችንን ሥዕል ታውቁታላችሁ፤ ሠላሳ ሁለት ነጭ ጥርስ የሚያሳይ፣ የሚስቅ ትልቅ አፍ። በዚያ ቀን ያን ጥርስ የምሸፍንበት ሸራ ባገኝ ምን አልሰጥም ነበር!

ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ የመጀመሪያው ድንጋይ ጋ ስንደርስ አንድ ዱላ የያዘ ወጣት መጣ።

«ጥርሳችሁን እያሳያችሁ የት ልትሄዱ ነው? የገበሬ መሬት ለከተማ ሲወሰድ ይሳቃል?»

«በሽተኛ ይዘናል» አልኩት።

«ከጠዋት ጀምሮ የመጣ መኪና ሁሉ በሽተኛ ይዟል! አንዱማ ሴትዮዋ ሆድ ላይ ትራስ አስሮ 'ልትወልድ ነው' ብሎ አታሎናል። ተመለሱ!»

አዴ ገለቴ በኦሮምኛ ለመነችው። አከበራት፤ ድንጋዩን ግን አላነሳም። «አዴ፣ አንቺ እናቴ ነሽ። አንገት ላይ ጨርቅ መጠምጠም ግን ማንም ይችላል» አላት።

ብዙነህን ሊያይ ወደ መስኮቱ ሲጠጋ እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እጄ ኪሴ ገባ። እንዳያሳፍረን ብዬ አንድ ማስቲካ ልጬ ወደ ብዙነህ አፍ ዘረጋሁ። ሰው ሊሞት ነው፣ እኔ ጠረኑን እሸፍናለሁ! አዴ ገለቴ እጄን በጥፊ መታችው። ብዙነህን «ያንን የትናንቱንም ትፋው!» አለችው። ተፋ። ከዚያ ወደ ወጣቱ ዞረች።

«ና፣ አሽትት። ይሄን በትራስ መሥራት ይቻላል?»

ወጣቱ ራሱን በመስኮት አስገባ። ብዙነህ በቻለው መጠን አፉን ከፈተ።

ወጣቱ ወደኋላ ዘለለ። ዱላውን ጥሎ አፍንጫውን ያዘ፣ ዞር ብሎ ተፋ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ክፈቱለት!» ብሎ ጮኸ። «ክፈቱ! ሰውዬው በቁሙ እየበሰበሰ ነው!»

ድንጋዩን በእጃቸው አነሱልን። እሱ ራሱ የመኪናው ደረጃ ላይ ተንጠልጥሎ አብሮን መጣ። ቀጣዩ ድንጋይ ጋ ያሉት «እንይ» ሲሉ «አትጠጉ፤ እኔ ለሁላችንም አሽትቻለሁ» አላቸው።

ያን መንገድ ማን አስከፈተው? እኔ አሥራ አራት ወር ሙሉ ልቀብረው የታገልኩት ሽታ። በዚያን ቀን ሊታመን የሚችል ምስክር እሱ ብቻ ነበር፤ እኔ ደግሞ አፉን ላዘጋው ነበር።

ሆስፒታል ሐኪሙ አንገቱን በጥቶ መግሉን ሲያወጣ ሽታው ኮሪደሩን ሞላው። ቆይቶ ወጣና «ግማሽ ቀን ብትዘገዩ ትንፋሹ ይዘጋ ነበር። ይህ ሰው አብረውት የሚሠሩ ሰዎች የሉትም?» አለኝ።

«አለን፤ አሥራ አራት ነን።»

«አንዳችሁም አፍንጫ የላችሁም?»

«ማስቲካ ነው የምንሸጠው» አልኩት።

ያስረዳኝን ጽፌዋለሁ፤ ስትሸጡ ይህን ንገሩ። ስኳር የሌለው ማስቲካ ምራቅ ያመነጫል፤ ምራቅ አፍን ያጥባል። ስኳር ስለሌለው ጥርስ የሚበሉትን ተሕዋስያን አይቀልብም። ከምግብ በኋላ፣ መቦረሽ ካልተቻለ፣ ጥሩ ነገር ነው። እዚያ ላይ ሥራው ያበቃል። ምላስ ጀርባ ላይ እንደ ቅቤ የሚጋገረውን ነጭ ነገር አይጠርግም። በጥርስ መካከል ሦስት ቀን ያደረ ሥጋ አያወጣም። የሚደማ ድድ፣ የተቦረቦረ ጥርስ፣ ቶንሲል ላይ የሚጠራቀም ቆሻሻ፣ የአፍንጫ ቁስል፣ አንዳንዴም የሆድ ዕቃ በሽታ፤ እነዚህን ማስቲካ ለጊዜው ያለብሳቸዋል እንጂ አያድናቸውም። ሁለት ሳምንት እየቦረሹ፣ ምላስ እየጠረጉ የማይለቅ ጠረን ካለ፣ መሄድ ያለበት ሐኪም ቤት ነው። እኛ ግን ስንት ሱቅ ገብተን «የአፍ ጠረንን ድራሹን ያጠፋል» ብለን ምለናል?

አቶ ፍቅረሥላሴ፣ ባለፈው ሳምንት «ጋሼ፣ ይህን ካወራን ማን ይገዛናል?» ብለውኛል። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ መልሴም የነጋዴ ነው። የሞተ ደንበኛ ማስቲካ አይገዛም።

ከሐኪሙ ይልቅ ያሳፈረኝ ግን ብዙነህ ነው። በአራተኛው ቀን መናገር ሲችል የሽታውን ነገር ነገርኩት። ከዚያ «ጋሼ» አለኝ፤ «ሁላችሁም ማስቲካ የምትሰጡኝ ስለምትወዱኝ መስሎኝ ነበር።»

ይህንን በማስታወሻዬ አልጻፍኩትም። መጻፍ አያስፈልገውም።

አምስት ወር ሆነው። ሁለት ጥርስ ጎድሎት፣ አገጩ ሥር ጠባሳ ይዞ፣ ይኸው ከፊታችሁ ተቀምጧል። እኔም ሱሉልታ ላይ ትንሽ ሱቅ እከፍታለሁ። መፋቂያና የጥርስ ብሩሽ ከፊት ይደረደራል፤ ማስቲካ ከእናንተ እወስዳለሁ። ልትሸጡልኝ ስትመጡ ግን አትማሉብኝ።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። መንገዳችሁ አይዘጋ። ቢዘጋባችሁም የጓሮ በሯን የምትከፍት ገለቴ አትታጣባችሁ። ልጆቻችሁ በሰላም ወጥተው በሰላም ይግቡ። አገራችንም ሕመሟን ሳትሸፍን የምትናገርበት፣ የሚሰማትም የምታገኝበት ቀን ይምጣላት። ለእያንዳንዳችሁ ደግሞ ፊት ለፊት የሚነግር ወዳጅ ይስጣችሁ።

ለእኔ አንድ ሰጥቶኛል። ቅድም ብዙነህ ጆሮዬ ላይ ያለኝ ይህን ነው፦ «ጋሼ፣ አፍዎ ደርቋል፤ ይሸታል። ውኃ ይጠጡ።»

ኪሱ ማስቲካ ሞልቶ ነበር። አንድም አልሰጠኝም።

አሜን በሉ።