አሥራ ሦስተኛው ወር

ከፈረስ መጋላ ታክሲ ተሳፍረው ከፊቴ የተቀመጡ አዛውንት አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጅ ጉዳያቸውን የያዘችው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ መሆኗን አወቁ።

«የልጄ የሞት ወረቀት ተገኘ?»

«ኮምፒውተሩ የለም ይላል፣ አባባ። መቼ ነበር ያረፈው?»

«ጳጉሜን ሦስት።»

«ወይኔ!»

«ምነው?»

«ኮምፒውተሩ ቀን የሚመስለውን ሁሉ ራሱ ነው ቀን ብሎ የሚመድበው። የተሞላለት ደንብ ግን አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው የሚያውቀው። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲያይ መዝገቡን ይጥለዋል፤ ብንፈልገውም አይመጣም።»

«እና ንገሩታ!»

«ደንቡን የሚቀይሩት አዲስ አበባ ናቸው። ነግረናቸዋል፤ መልስ የለም።»

«እስከዚያስ?»

«ሰዉ ሁሉ ነሐሴ ሠላሳ እያስባለ ነው የሚያስገባው። የእርስዎንም እንደዚያ ላድርገው?»

«ነሐሴ ሠላሳማ ደህና ነበር። ምሳ አብረን በልተናል።»

መውረጃዬ ሲያልፍ እያየሁ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።